ጋሼ ብሩሽ ጥቁሩን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ድል እንደ ነሡ

ጋሼ ብሩሽ በጡረታ መንበር በተቀመጡ በአራተኛው ዓመት፣ እኛ ወደዚህ ሁለት ክፍል ቤት በገባን በሰባተኛው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ከምሳ በፊት፣ በግቢው ውስጥ እንዲህ የሚል ወሬ ወጣ፤ ሻጋታ የሚወለደው ከመጽሐፍ ነው።

ወሬውን ያወጡት የቤቱ ባለቤት፣ የበር ቁልፍ ሁሉ ቅጂ ያላቸው፣ የግቢው ጆሮ፣ የግቢውም አፍ፣ እትዬ ሰምቻለሁ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ «አይቻለሁ» ሲሉ ስላልተሰሙ ግቢው በሙሉ ድምፅ ይህን ስም አጸደቀላቸው። ማክሰኞ አወጁት፤ ረቡዕ ልብስ ሲያሰጡ ደገሙት፤ ሐሙስ ለወተት አምጪዋ ነገሩ፤ ዓርብ ወተት አምጪዋ መልሳ ለእርሳቸው ነገረቻቸውና «ይኸው፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው» ብለው አረጋገጡ። እውነት በግቢያችን የምትጸናው በዚህ ሥርዓት ነው።

ይህ እንግዲህ የታላቁ፣ የነጩ፣ የመሰላል ጌታ፣ ዐርባ ዓመት በሰው ግድግዳ ላይ የነገሡ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የባንኩን ደረጃ፣ የሦስት ሆቴል ኮሪደር በእጃቸው ያለበሱ፣ ጠብታ መሬት ሳያስነኩ ጣሪያ የሚቀቡ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም የጋሼ ብሩሽ ዜና ነው። የጻፍኩት እኔ የእኅታቸው ልጅ ነኝ። ከትምህርት ቤት በስምንተኛ ክፍል ተሰናብቼ የቀረውን ራሴ ለራሴ ያስተማርኩ ስለሆንኩ፣ የተሻለ ጸሐፊ ቢገኝ ለእርሱ በተውኩለት። አልተገኘም። በግቢው ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚቀመጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም የምለው ለመመካት አይደለም፣ ሌላ የሚለው ሰው ስለሌለ ነው።

ወኮነ ከመዝ፤ ማለትም እንዲህ ሆነ።

ጠላት የታየው በውስጠኛው ክፍል ነው። ውጭኛው ክፍል የጋሼ ብሩሽ ነው፤ ውስጠኛው የእናቴ ግዛት ነው። እናቴ፣ ንግሥተ መርፌ፣ የሰውን ወገብ በዐይኗ የምትለካ፣ ያጠረውን የምታስረዝም፣ የሰፋውን የምታጠብ፣ ልብስ ሰፊ ናት። በአንድ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ በሌላ በኩል ካውያዋ፣ በመካከል ሁለታችን የምንተኛበት አልጋ፣ ከኋላ ግድግዳውን ተለጥፎ ቁም ሳጥኑ፣ ከቁም ሳጥኑም ጎን ወለሉ ላይ የተደረደሩት መጻሕፍቴ። እስከ ዓምና እናቴ የምትተኩሰው በረንዳ ላይ ነበር። ዘንድሮ እትዬ ሰምቻለሁ በረንዳውን የአሮጌ ወንበሮቻቸው ማረፊያ ስላደረጉት ካውያው ወደ ውስጥ ተሰደደ። እናቴ ስትተኩስ እርጥብ ጨርቅ ደርባ ነው፤ እንፋሎቱ ሽው ብሎ ይነሣል፤ መስኮቱ ግን የመንገዱ ጭቃ የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ላይ እንዳይረጭ ዝግ ነው። ያጠብነውም ልብስ ዝናብ ስለሆነ ከአልጋው በላይ በተዘረጋ ገመድ ላይ ይንጠባጠባል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጣች። በሳምንቷ ዘመዶቿን ጠራች። በሁለተኛው ሳምንት የሳህን፣ በሦስተኛው የትሪ ያህል ሆና አረንጓዴ ጢም አበቀለች። ክፍሉ እርጥብ ካልሲ፣ እርጥብ ካልሲ ሸተተ።

እናቴም ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ኋላም ክር ወደ መርፌ ስታስገባ። አንድ ክር ለማስገባት አራት ጊዜ የምታቆም ልብስ ሰፊ አይቼ የማላውቅ ስለሆንኩ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ነርሷም ደረቷን አዳምጣ እንዲህ ስትል አወጀች፤ «እናት፣ ሽሮፕ እሰጥዎታለሁ። ግድግዳው ካልደረቀ ግን ሳሉ አይደርቅም፤ ሻጋታ እየተነፈሱ ነው ያሉት።» ይህ አዋጅ አጭር ነበር፤ ስለዚህም በቤታችን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው።

በዚያው ቀን እትዬ ሰምቻለሁ ወንበራቸውን ይዘው በራችን ላይ ሰፈሩና አዋጃቸውን አደሱ፤ «ነግሬያችኋለሁ! ሻጋታ ከመጽሐፍ ነው የሚወጣው፣ ሰምቻለሁ። ወረቀት ሲያረጅ ይተነፍሳል። ይቺ ልጅ ይኼን ሁሉ ቆሻሻ ሰብስባ እናቷን ልትጨርሳት ነው!»

ያን ጊዜ ጋሼ ብሩሽ ከመኝታቸው ተነሡ፤ ቀለም የደረቀበትን፣ ያለ ሰው ብቻውን መቆም የሚችለውን የሥራ ሱሪያቸውን ለበሱ፤ በግቢው መካከልም ቆመው አወጁ፦

«ስሙ! ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። እኔ ዐርባ ዓመት ቀብቻለሁ፤ ቀለም ያልሸፈነው ነገር አላየሁም። ሦስት ጊዜ እቀባለሁ። በሦስተኛው ካልጠፋ እትዬ ያሉት እውነት ነው ማለት ነው፤ የልጅቷ መጻሕፍትም ከቤት ይወጣሉ። የእኅቴ ደረት ከወረቀት ይበልጣል፤ አለቀ!»

ስለ መጻሕፍቱም የሚገባውን ልናገር። ዐርባ ሁለት ነበሩ። እኩዮቼ ዲፕሎማ አላቸው፤ በመስታወት አስገብተው ሰቅለውታል። እኔ የተማርኩ ለመሆኔ ከእነዚህ ዐርባ ሁለት በቀር ምስክር አልነበረኝም። ሲሸጥ፣ ሲጣል፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ ሰው ቤት ሲለቅ እየተከታተልኩ አንድ በአንድ ያመጣኋቸው ናቸው። ዐርባ አንዱን ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤያቸዋለሁ፤ ሽፋን ያላቸውን። ዐርባ ሁለተኛው ከትምህርት ቤት በወጣሁበት ዓመት እናቴ የሰጠችኝ «የቤት አያያዝ መምሪያ» የሚባል ነበር፤ ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት ለመጥረጊያ ትስቃለች። ለመጥረጊያ የምትስቅ ሴት ለእኔ የምታስተምረኝ ነገር የለም ብዬ፣ አንድም ጊዜ ሳልገልጠው፣ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ አጭር እግር ሥር ሾምኩት። ልክ ሆኖ ገባ።

ከመጀመሪያው ዘመቻ በፊት እኔም የራሴን አዋጅ አውጥቼ ነበር፤ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ መስኮቱም ይከፈት፤ ከዚያ ይቀባል። ሕይወት ያለው ነገር በቀለም አይሞትም።» መልሱ ከመሰላል ላይ ወረደ፤ «አንቺ ልጅ፣ ብሩሽ በየት በኩል እንደሚያዝ ስታውቂ ተመለሺ።» አከራይዋም ሳቁ፤ መሰላሉም ተንቋቋ።

በፊተኛውም ዘመቻ ጋሼ ብሩሽ ሰኞ ረፋድ ላይ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፤ አራት መወጣጫ የነበረው አሁን ሦስት ያለው መሰላል፤ ቀለም የሚያንከባልለው ታላቁ ሮሎ፣ ታናሹም ሮሎ፣ ጠጉሩ የረገፈውና ለክብሩ ሲባል ብቻ የሚዘምተው ሽማግሌው ብሩሽ፤ ከእናቴ ቁርጥራጭ የተውጣጡ የጨርቅ ጭፍሮች፤ ወለሉን ያለበሱ ያለፈው ዓመት ጋዜጦች፤ ወንበራቸውንና ጃንጥላቸውን የያዙ እትዬ ሰምቻለሁ፤ በመጨረሻም ማንም ያልጠራው የግቢው ድመት። ጋሼ ብሩሽም የጠላትን ጢም ሳይላጩ፣ ፊቱን ሳያጥቡ፣ እንደ ቆመ በነጭ ቀለም ቀበሩት። ግድግዳው በረዶ መሰለ። ጋሼ ብሩሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሩብ ሰዓት ያህል ሥራቸውን ተመለከቱ፤ እትዬ ሰምቻለሁም «እጅዎ ይባረክ፤ ድሮም የእርስዎ እጅ ሌላ ነው!» ሲሉ መሰከሩ። ድሉ ዐሥራ አንድ ቀን ኖረ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነጥቦቹ ለወረፋ ዕቃ አስቀምጦ የሄደ ሰው እንደሚመለስ፣ ያለ ኀፍረት፣ እዚያው ቦታቸው ላይ ቆመው ተገኙ። «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» የተባለው ለካስ ለሻጋታ ኖሯል።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ሁለተኛው ዘመቻ ሆነ። ጋሼ ብሩሽ በዚህ ጊዜ የዘይት ቀለም አመጡ፤ ክሬም መልክ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውኃ የማያስገባ። ውኃ አለማስገባቱ እውነት ነበር፤ ውኃ አለማስወጣቱን ያሰበ አልነበረም። እጃቸው ቸር ስለሆነች፣ ቀለምም ስለተረፈ፣ የመስኮቱን ክፈፍ ከነማጠፊያው፣ ከነመቀርቀሪያው ቀቡት፤ ሲደርቅም መስኮቱ ከግድግዳው ጋር ላይፋታ ተጋባ። እኔ «መስኮቱ አልከፈት አለ» ብዬ ባስታውቅ «ድሮስ ምን ሊደረግ ይከፈታል፣ ብርድ ነው» የሚል አዋጅ ወጣ። የቀለሙ ሽታ ሦስት ቀን ከነበረን አየር ጋር ተቀመጠ። እናቴ በዚያ ሳምንት ተቀምጣ አደረች፤ ብትጋደም ያፍናታል። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ግድግዳው እንደ ተቃጠለ እጅ ውኃ ቋጠረ፤ አንዱን እብጠት በጣቴ ብነካው ፈነዳና ጥቁር ውኃ አፈሰሰ።

አሁን አንድ ብቻ ቀረ። ቤታችን ውስጥ ማንም ቁጥሩን አልጠራም፤ እኔ ግን በየቀኑ ከመጻሕፍቱ አንዱን እያነሣሁ አቧራውን እጠርግ ነበር፤ አቧራ ሳይኖረው።

ሦስተኛው ዘመቻ የጥበብ ዘመቻ ነው። እትዬ ሰምቻለሁ ሰምተው መጡ፤ ጨው ያልፈራ ሻጋታ የለም አሉ። ጋሼ ብሩሽም በዐርባ ዓመት ሥራቸው ያላደረጉትን፣ ሁለት እፍኝ ጨው ወደ ቀለሙ ጨመሩ፤ በእንጨት አማሰሉ፤ ጥቂት ቀምሰውም ነበር ይላሉ፣ ይህን ግን እኔ አላየሁም፣ ስለዚህ ሰምቻለሁ። ጨው ውኃ እንደሚስብ ከአንዱ መጽሐፌ አንብቤ ነበር፤ ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከሁለት አዋጅ በኋላ ሦስተኛውን የሚያወጣ ሰው ጀግና ነው፤ በዚህ ታሪክ ደግሞ ጀግናው አንድ ብቻ ነው። የተቀባው ግድግዳ በስድስተኛው ቀን ላበው። በስምንተኛው ቀን እንባ አወረደ። በዘጠነኛው ጥቁሩ እንደ ገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ ጣሪያውን ለመንካት አንድ ክንድ ቀርቶታል።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። መጻሕፍቱን ያወጧቸው ጋሼ ብሩሽ አይደሉም። እኔ ነኝ። ወሬው ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ማወቄን በስድስት ምክንያት ማስረዳት እችል ነበር፤ ነገር ግን እናቴ በዚያ ማለዳ አንድ ቁልፍ ልትተክል መርፌውን አንሥታ፣ ሳሏ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ መልሳ አስቀመጠችው። ምናልባት እውነት ቢሆንስ? አልኩ። ይህን ቃል ለራሴ ያልኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው።

በግዞት የወጡት በዚህ ቅደም ተከተል ወጡ። በግንባር ሽፋን የሌለው አትላስ፤ ሁለት አህጉር ይጎድለዋል፣ ባሕሮቹ ግን ሙሉ ናቸው። ቀጥሎ ከ«መ» የሚጀምረው መዝገበ ቃላት፤ በእርሱ ጦስ እስከ ዛሬ በ«ሀ» በሚጀምር ቃል ላይ ራሴን አላምንም። ከእርሱ በኋላ የጎዶሎ ቁጥር ጥያቄዎችን መልስ ብቻ የያዘው አልጀብራ፤ ከብት ሳይኖረኝ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት የከብት ሕክምና፤ የናፍጣ ሞተር ጥገና ከነዘይቱ፤ የመጨረሻ ቅጠሉ ተገንጥሎ ገዳዩን ሳላውቀው የቀረሁት የወንጀል ልብ ወለድ፤ ጨው ውኃ ይስባል ያለኝ ኬሚስትሪ፤ ከዚያም ሌሎቹ፣ በየማዕረጋቸው፣ እስከ ዐርባ አንድ። የጎዳናው ማዕዘን ላይ የሚቆመው ለውዝ ሻጭ መጠቅለያ እንዲሆኑት በጋሪ ተቀበላቸው። ከአትላሱ አንድ ቅጠል በጣቶቹ አሻሽቶ «ጥሩ ወረቀት ነው፤ ዘይት አያሳልፍም» አለ። ስለ መጻሕፍቴ በሕይወቴ የሰማሁት ሂስ ይህ ብቻ ነው። እናቴ ከመኪናዋ ቀና አላለችም፤ ግን የሰፋችውን ስፌት እንደ ገና በላዩ ሰፋችው። ዐርባ ሁለተኛውን ማንም አላስታወሰውም። እኔም።

እትዬ ሰምቻለሁ በዚያ ቀን በግቢው ሲመላለሱ አየር እንኳ ቀለል ማለቱን መሰከሩ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ዘነበ፤ ካውያው ጋለ፤ ልብሱ በገመድ ተሰቀለ፤ በሰባተኛው ቀን ጠዋት መጽሐፍ በሌለበት ቤት፣ መጻሕፍቱ ተደርድረው በነበሩበት ባዶ ጥግ፣ እርጥቡ ጨዋማ ቀለም ላይ ጥቁር ሻጋታ በቀለ። እትዬ ሰምቻለሁ ተጠርተው አዩ። ማየት ስላልለመዱ ዐይናቸውን ሁለት ጊዜ አሹ፤ ከዚያም ወሬውን አሻሻሉ፤ «እንግዲህ ሽታቸው ቀርቶ ነዋ! የመጽሐፍ ሽታ ሰባት ዓመት አይለቅም፤ ሰምቻለሁ።»

ያን ጊዜ በሕይወቷ አዋጅ አውጥታ የማታውቀው እናቴ የመኪናውን ፔዳል አቆመች። ድምፅዋን አላነሣችም፤ የማንሣት ትንፋሽም አልነበራትም።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጄ ያላትን ሁሉ አውጥታለች፤ ለእኔ ስትል። አሁን ደግሞ እርስዎ ያለዎትን ያውጡ። ቀለምዎን ይፋቁልኝ። ልጅቷ የምትለው ይደረግ። እትዬ፣ እርስዎም ወንበሮችዎን ከበረንዳው ያንሡልኝ፤ ካውያዬ ይወጣል።»

እትዬ ሰምቻለሁ ወንበሮቻቸውን ሊያነሡ ወጡ። ድመቱም ወጣ።

የአራተኛውና የእውነተኛው ዘመቻ ሥርዓት እንዲህ ነበር። እናቴ ከነመኪናዋ ወደ በረንዳ ተሸጋገረች። ቁም ሳጥኑ በአራት እጅ ተነሥቶ ወደ መካከል መጣ፤ ጀርባው ግድግዳውን መስሎ ነበር። ጋሼ ብሩሽ የመስኮቱን ክፈፍ በስፓቱላ፣ በቀለም መፋቂያ ብረታቸው፣ ዙሪያውን ከፍለው፣ በትከሻቸው ገፉት፤ መስኮቱ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ተከፈተ። አፍና አፍንጫችንን አሰርን፤ ጓንት አጠለቅን፤ ጥቁሩ በንኖ እንዳይነሣ ግድግዳውን በሳሙና ውኃ አራስን። በመካከል ጋሼ ብሩሽ «ይጠናከር» ብለው በረኪናውን ወደ አቼቶው ባልዲ ሊገለብጡ ሲሉ የመጨረሻውን አዋጄን ከደጃፍ አወጣሁ፤ «ጋሼ! ሁለቱ አንድ ባልዲ ውስጥ አይገቡም! ሻጋታው ሳይሞት እኛ እንሞታለን!» ኬሚስትሪው በለውዝ ሻጩ ዘንድ ይሁን እንጂ ያስተማረኝን ይዞብኝ አልሄደም። ጋሼ ብሩሽ ጠርሙሱን አስቀመጡ። ዐርባ ዓመት አንድም ሰው በእጃቸው የያዙትን ያስቀምጡ ብሏቸው እንደማያውቅ አምናለሁ።

ከዚያም ስፓቱላቸውን አንሥተው መፋቅ ጀመሩ። የሰው ልጅ ሦስት ድሎቹን በገዛ እጁ ሲፍቅ ያላየ ሰው ብዙ ቀርቶበታል። መጀመሪያ ጨዋማው ተነሣ፤ ቀጥሎ አንጸባራቂው እንደ ቆዳ ተገፈፈ፤ ከሥሩ በረዶ የመሰለው፤ ከበረዶው ሥር ደግሞ ስንገባ የቀቡት የሰባት ዓመቱ አሮጌ ቢጫ። እያንዳንዱን ሲያነሡ ቀኑን ያስታውሱ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከጣሪያው በታች አንድ ክንድ ያህል ሲደርሱ ግን ስፓቱላው ቱክ አለና ሰመጠ። ስቱኮ፣ ቀዳዳ የሚደፈንበት ልስን፣ ነበር፤ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ጠርዙ በልክ የተስተካከለ። ሰበሩት። ከጀርባው በኳስ መልክ የተጠቀለለ ጨርቅ ወጣ። ከጨርቁ ጀርባ ዝገት የበላው ትንሽ የብረት መረብ፤ ከመረቡም ጀርባ ሰማይ።

ቀዝቃዛ ነፋስ ገብቶ በገመድ ላይ ያለውን ልብስ አወዛወዘው። ግድግዳው አፍንጫ ነበረው።

ጋሼ ብሩሽ ከመሰላሉ ላይ እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «ይኸው! አላልኩም? ቤት መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ይኼ የታወቀ ነው! ማነው ይኼን የደፈነ መሃይም? በሉ እዩልኝ፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት!» እትዬ ሰምቻለሁም ከበር ሆነው «እውነት ነው፤ የአየር ቀዳዳ እንደሚያስፈልግ ድሮ ሰምቻለሁ» አሉ።

እኔ ግን ጨርቁን ከመሬት አንሥቼ ፈታሁት። ሰማያዊ አበባ ያለው ነው። እናቴ በዚህ ቤት መጀመሪያ የሰፋችው መጋረጃ ቁራጭ ነበር። በረንዳው ላይ ያለችው እናቴ በመስኮቱ አየችው፤ ጋሼ ብሩሽም አዩት። እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ ከአዋጆቻቸው ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፤

«በገባን ቀን… ቀዳዳው ግድግዳውን አበላሽቶት ነበር። ደስ እንዲላት ብዬ ነው።» ቀጥሎም፣ ሰው ሆነው ስለ ተፈጠሩ፣ «ሥራው ግን ጥሩ ነበር። ሰባት ዓመት አንድ ስንጥቅ የለውም።»

ከዚህ በኋላ ግድግዳው ታጠበ፤ በአቼቶ ተወለወለ፤ ሳምንት ሙሉ መስኮቱ ተከፍቶ ደረቀ፤ እስኪደርቅም ማንም ሮሎ እንዳይነካ ተከለከለ። ሕግም ተሠራ፤ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ድስት ክዳኑን ይልበስ፤ እርጥብ ልብስ ከአልጋ በላይ አይሰቀል፤ ካውያ በረንዳ ላይ ይሁን፤ መስኮት ጠዋት ይከፈት፣ ከፍቶ የረሳ አይወቀስ፣ የዘጋ ይወቀስ። አዲስ መረብ በቀዳዳው ላይ ገባ፤ ጋሼ ብሩሽ መረቡን በጥንቃቄ፣ አንዲት ዐይኑን እንኳ ሳይደፍኑ፣ ነጭ ቀቡት። እናቴም ከፊተኛው ዘመቻ በኋላ በስምንተኛው ሳምንት አንድ ቀን ክር አስገባች። አንድ ጊዜ። አላቆመችም። ልብ ያልኩት እኔና ጋሼ ብሩሽ ብቻ ነን፤ ሁለታችንም ሌላ ነገር እንደምናይ ሆንን።

እንግዲህ ክብር ለጋሼ ብሩሽ ይሁን፤ አንዱን ጠላት አራት ጊዜ ለገጠሙ፣ ሦስት ጊዜ ለአለበሱት፤ በገዛ እጃቸው የደፈኑትን በገዛ እጃቸው ላገኙ፤ ከሰባት ዓመት በፊት እኅታቸውን ደስ ሊያሰኙ ተነሥተው ከሰባት ዓመት በኋላ ለአሰኟት። ታሪካቸው በግቢው ይነገራል፤ የሚናገሩትም እትዬ ሰምቻለሁ ናቸው፤ በእርሳቸው አነጋገር ቀዳዳውን በራእይ ነው ያገኙት። መሰላላቸው አይሰበር፤ ሮሏቸው አይድረቅ። ለእኔም፣ ባለፈው እሑድ፣ ከማዕዘኑ ለውዝ ሻጭ አንድ ጥቅል ለውዝ ገዝተው አመጡልኝ፤ ወረቀቱን ሳይቀድዱ ፈትተው፣ በመዳፋቸው አስተካክለው፣ ለውዙን ለራሳቸው አስቀርተው ወረቀቱን ሰጡኝ። የአልጀብራው ገጽ ነበር፤ የጎዶሎ ቁጥሮች መልስ።

ዛሬ ጠዋት ጭቃው ስለ ደረቀ የእናቴ መኪና ወደ ክፍሏ ተመለሰ፤ ካውያው እዚያው በረንዳ ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ቆመ፤ ግን ተንቀጠቀጠ፤ አጭሩ እግር ሹመኛውን ፈለገ። ፈልጌም በረንዳው ጥግ አገኘሁት፤ የመጥረጊያዋ ሴት አሁንም ትስቃለች፤ የእግሩ ማረፊያ ፊቷ ላይ ክብ አድርጎ ታትሟል። እናቴ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ይዛ ትጠብቀኛለች። ምን እንደ ነካኝ እንጃ፤ ጎንበስ ብዬ ከማስገባቴ በፊት ገለጥኩት። ዐርባ አምስተኛው ገጽ ላይ፣ በወፍራም ፊደል፣ «ግድግዳ ሲሻግት» የሚል ርእስ አለ፤ በሥሩም የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ቀለም ከማሰብዎ በፊት በጣሪያው ሥር ያለው የአየር ቀዳዳ አለመደፈኑን ይመልከቱ።»